ሳጥን የሆኑት ስሞች

ሽማግሌው የቲቤት ስደተኞች በሚኖሩባት የሕንድ ከተማ በዳራምሳላ ወዳለችው ትንሽ የኮምፒውተር ቤት ሲገቡ የሠራተኛዋን የያንግኪን ሰላምታ አልመለሱም። የካባቸው እጅጌ ነትቦ ጫፉ በወፍራም ጥቁር ክር ተሰፍቷል። መሬት ላይ የወደቀ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አንስተው ግንባራቸውን አስነኩትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ፊደል ትረግጫለሽ እንዴ?" ብለው ገላመጧት።

በጸሎት የሚጠሩ ሟቾችን ስም የሚያወጣውን የቡድሃ ገዳም ድረ ገጽ አስከፈቷት። ልጃቸው ከሞተ ዛሬ አርባ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ነፍሱ መንገድ እንድታገኝ ስሙ የሚጠራበት የመጨረሻው ቀን። በስሞቹ ቦታ ግን ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

"ልጄን ሳጥን አደረጋችሁት?"

"ስሙ አለ አባባ። የቲቤት ፊደል እዚህ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ነው።"

"ታዲያ አፍሽን ትተሽ እጅሽን አሠሪያ!"

ያንግኪ ጥርሷን ነክሳ ፊደሉን ጫነች። ሳጥኖቹ ጠፍተው ስሞች ወጡ። የሽማግሌው ጣት ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

"ጥሪው።"

"ጃምፌል።"

"ጮክ በይ! ቁርስ አልበላሽም?"

"ራስዎ አይጠሩትም ታዲያ?" አለች፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከስክሪኑ ላይ አነሱ።

"የእኔን ድምፅ ከሰማ እንደ ድሮው ይሸሻል" አሏት። "አንቺ ጥሪው።"