ትሪ የማያስገባው ማጠቢያ

የቤት ሠራተኛዋ ቡዜ ሥራዋን ለቃ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ዓለም ጤና የተመለሰችው መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ በመጣው መስከረም ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ጭሰኛ ነበር። አሁን ያ መሬት በእጁ ገባና የሽንኩርት መደቡን የሚኮተኩትለት ሰው ቢያጣ ልጁን ከናዝሬት አስጠራ።

«እትዬ ተሻለች፣ እንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለች ቡዜ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በር ላይ ቆማ። «እስካሁን የሰው ዕቃ ሳጥብ ኖርኩ። እስቲ ደግሞ የራሳችንን ላቆሽሽ።»

ተሻለች ሳቀች። በዚያ ዓመት ከልቧ የሳቀችው ምናልባት ያን ቀን ብቻ ይሆናል።

ሌላ ሰው አልተገኘም። ለሥራ የደረሱ ልጆች ግማሾቹ እንደ ቡዜ ወደ አባታቸው መሬት ሄደዋል፤ ግማሾቹን የመንግሥት እርሻዎች ወስደዋቸዋል። ስለዚህ የቤቱ ዕቃ በተሻለች እጅ ላይ ወደቀ። ተሻለች በናዝሬት ስልክ ቤት የማዞሪያ ሠራተኛ ናት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ድሬዳዋን ከሞጆ፣ አሰላን ከአዲስ አበባ ስታገናኝ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት የጓዳው በር ላይ የተቆለለው ነው፤ ቅቤ የረጋበት የወጥ ድስት፣ የጠላ ጣሳ፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ፣ ከሁሉም በላይ ቤተሰቡም እንግዳውም ዙሪያውን ከቦ የሚበላበት ትልቁ የብረት ትሪ። አጥባ ግቢ ውስጥ የደፋችውን ደግሞ የናዝሬት ነፋስ አቧራ ያለብሰዋል፤ እንደገና ታለቀልቃለች።

ባሏ ኃይለየሱስ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንግዳ ይወዳል፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገር ደግሞ ከእንግዳም አብልጦ ይወዳል። በተለይ ስለ ሴቶች ጭቆና ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ያጨበጭቡለታል። ስብሰባው ሲያልቅ አድናቂዎቹን አስከትሎ ይመጣና እራት ይበላሉ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ተሻለች ታጥባለች።

ጥቅምት ላይ የስልክ ቤቱ ኃላፊ አቶ መርዳሳ ወደ ቢሯቸው ጠሯት።

«ወይዘሮ ተሻለች፣ የማታው ፈረቃ ኃላፊ ወደ አሰላ ተዛውሯል። ቦታው ለእርስዎ ይገባል ብዬ ጽፌያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ አለዚያ ከአዲስ አበባ ሰው ይልኩብናል።»

የተዛወረውን ሰውዬ ማዞሪያ ያስተማረችው ራሷ ተሻለች ናት። እሱ ኃላፊ ሲሆን እሷ እዚያው ወንበር ላይ ቀርታ ነበር። ስለዚህ ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም።

እራት ላይ ነገረቻቸው። ሥራው ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት መሆኑን፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና እቤት ድረስ እንደሚያደርሳት ጭምር። የባሏ እናት ወይዘሮ በላይነሽ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«ማታ ማታ? ዕቃውንስ ማን ሊያጥበው ነው?»

ከዚህች ጥያቄ በቀር ሌላ ጥያቄ አልመጣም። እንኳን ደስ ያለሽም አልመጣም።

«እማዬ እውነቷን ነው» አለ ኃይለየሱስ። «ወጡን እሷ ትሠራለች፤ ልጆቹም ራሳቸውን ችለዋል። ዕቃው ነው እንጂ።»

«እኔ ቁርጥማት ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አልነካም» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

«እርስዎን ማን አለ እማማ» አለች ተሻለች። ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ እጠበው።»

ሁለቱ ልጆች ሳቁ። ኃይለየሱስም ቀልዱ ዘግይቶ እንደገባው ሰው ተከትሏቸው ሳቀ። ተሻለች አልሳቀችም።

«እጅ አለህ። ውሃው ከግቢው ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ ወንዝ ውረድ አላልኩህም።»

«ተሼ፣ ሰው ቢያየኝስ?»

«ባለፈው እሑድ ቀበሌ ላይ ስለ እኩልነት ስትናገር ሰው አላየህም?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ኃይለየሱስ፣ አፉን እየጠረገ። «እሱ የፖለቲካ ጥያቄ ነው።»

ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ኃይለየሱስ ፊቱ በርቶ ገባ። በአቅራቢያው ባለው የስኳር ፋብሪካ ካምፕ የሚኖሩት ፈረንጆች ፋብሪካው ስለተወረሰ አገራቸው ሊገቡ ነው፤ የቤት ዕቃቸውን ይሸጣሉ። ከዕቃው መሐል በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሳህን የሚያጥብ መኪና አለ።

«አንቺም ሥራሽን ትይዣለሽ፣ እኔም በሰው አፍ አልገባም። አብረን ሄደን ትመርጫለሽ።»

«ትመርጫለሽ» ማለቱ ቁጣዋን ትንሽ አበረደው። አምናው ሄደች።

ካምፑ ውስጥ ዕቃው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል። የፈረንጆቹ ቤት ሠራተኛ የነበረው ገርባ እመቤቱ ከነበረችው ፈረንጅ አጠገብ አስተርጓሚ ሆኖ ቆሟል። «አካም ጅርቱ፣ ከአዳማ ነው የመጣችሁት?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ፣ ናዝሬትንም በኦሮምኛ ስሟ እየጠራ ተቀበላቸው። ማጠቢያዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጎማ ያለው፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት፣ አጠር ያለ ነው፤ እየገፉ ወደ ቧንቧ ማስጠጋት ይቻላል። ሌላው በሩ ከፊት የሚከፈት፣ ቁልፍ የተደረደረበት፣ እንደ ቁም ሣጥን የተገተረ ነው።

«እውነቱን ልንገራችሁ?» አለ ገርባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማጠቢያው እኔ ነኝ። እመቤቲቱ ማሽኑ በቅባት እንዳይበላሽ እያለች አስቀድሞ በእጄ ታሳጥበኝ ነበር። ከዚያ እሱ ያለቀልቃል። እኔን ብትወስዱ ይረክስላችኋል።»

ኃይለየሱስ በሳቅ ፈረሰ። ተሻለች ግን ወደ ባለጎማው ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። የሞላው ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦው መሐል ሳህን በጎኑ ይቆማል።

«ድስት የት ይገባል?» አለች።

ገርባ ለፈረንጂቱ ተረጎመላት። «ትንሽ ከሆነ ከታች ይገባል ትላለች።»

«ትሪስ?» ተሻለች የትሪውን ስፋት ልታሳይ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

ገርባ አፉን ከመክፈቱ በፊት ኃይለየሱስ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «እባክሽ አታሳፍሪኝ። ፈረንጅ ፊት ስለ ትሪ ይወራል?»

እጆቿን አወረደች። ያን ጊዜ እጆቿን ማውረዷ በኋላ ከሁሉም በላይ ያንገበግባት ነበር።

እሱ ከመጋዘኑ ያመጣውን ሜትር አውጥቶ መለካት ጀመረ። የማጠቢያውን ቁመት ለካ፤ የጎኑን ስፋት፣ የውሃ መሳቢያውን ጎማ ርዝመት ለካ። የበረንዳቸውን በር ቀድሞ ለክቶ በወረቀት ይዞት ነበርና አስተያየ። ፈረንጂቱም እሱን ብቻ እያየች ታስረዳለች። ተሻለች ባለጎማውን በጣቷ አመለከተች።

«ይኼኛው ይሁን። ወደ ቧንቧው ይጠጋል።»

«ይኼ? የቆራሌው ጋሪ እኮ ነው የሚመስለው» አለና ባለቁልፉን መታ መታ አደረገ። «ይኼኛውን ነው።»

«ትመርጫለሽ ብለህ አልነበር ያመጣኸኝ?»

«መረጥሽ እኮ! ማጠቢያ አልሽ፣ ማጠቢያ ተገዛልሽ።»

ባለቁልፉ በፒክ አፕ ተጭኖ ናዝሬት ገባና በረንዳው ላይ ተተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ኃይለየሱስ በሩን እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ ቁልፎቹን እየነካ ለእያንዳንዱ አስረዳ። ማታ እራት ተበላ። ትሪው ሲመጣ አልገባም። በጎኑ አቆመው፤ በሩ አልዘጋ አለ። አጋደመው፤ ሽቦው ገፋው። አዙሮ ሞከረ። የሽቦውን መደርደሪያ አውጥቶ ሞከረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ፤ ትሪው በሁሉም በኩል ከስንዝር በላይ ይተርፋል። ተሻለች የበረንዳው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አየችው።

በማግሥቱ ኃይለየሱስ የነጭ ሳህን ክምር ታቅፎ መጣ።

«ችግሩ ማጠቢያው አይደለም» አለ። «ችግሩ አበላላችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየራሱ ሳህን ይበላል።»

በእናቱ ፊት አንድ ሳህን አስቀመጠ። ወይዘሮ በላይነሽ ሳህኑን አዩት፤ ልጃቸውን አዩት።

«ምን ሆኛለሁ?» አሉ።

«ምንም አልሆንሽም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ለብቻዬ ትለየኛለህ? ሐኪሙ የነገረህ ነገር አለ? ሳንባዋ ታሟል ብሎሃል?»

እሳቸው ባደጉበት አገር ለብቻው ዕቃ የሚቀርብለት የሚያስል ሰው ነው፤ ወይም የተጣላ። ኃይለየሱስ ስለ ማጠቢያው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ስልጣኔ አስረዳቸው። አልገባቸውም። እራታቸውን ሳይነኩ ተነሥተው ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ተሻለች ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታያት ያን ጊዜ ነው። ይህ ሰው እጁን አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከሚነክር የእናቱን ማዕድ መበተን ቀለለው። ደግሞም ትናንት አንድ ትሪ ይታጠብበት የነበረው ቤት ዛሬ የሳህን ክምር አለው፤ እንግዳ ሲመጣ ያ ክምር እጥፍ ይሆናል። ትልቁ ድስትም አልገባም፤ የሸክላው ድስትማ አይነሣም።

ፈረንጂቱ ለማጠቢያው የሰጠቻቸው የሳሙና ዱቄት ወዲያው አለቀ። ኃይለየሱስ በምትኩ የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨመረበትና ቁልፉን ተጫነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፋው ከበሩ ስር እየፈላ ወጣ፤ በረንዳውን ሞልቶ ደረጃውን ወረደ፤ ነፋሱ እያነሣ ጎረቤት ካሰጣው በርበሬ ላይ ጣለው። ያን ማድረቅና ጎረቤቱን ይቅርታ መጠየቅ የማን ሥራ እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ሌላ ቀን ደግሞ ውሃው መሐል ላይ ሄደ፤ መኪናው በደረቁ ሲያጓራ ቆይቶ የቤቱን መብራት አጠፋው።

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ኃይለየሱስ በለሰለሰ ድምፅ ጀመረ።

«ተሼ፣ እኔ አንድ መላ አስቤያለሁ። ማጠቢያውን እስካስተካክለው በእጅሽ እያጠብሽ ቆዪ። የማታውን ነገር ደግሞ ለዘንድሮ ተዪው፤ ለከርሞ ይሰጡሻል።»

«አስበህ ነው ይህን ያመጣኸው?»

«ለቤቱ ነው እንጂ ለራሴ መሰለሽ?»

«ቤቱ ውስጥ ማን አለ ኃይለየሱስ? እኔ ያለሁበት አይመስለኝም።»

በማግሥቱ አቶ መርዳሳ ቢሮ ገብታ ቦታውን እንደምትፈልግ ተናገረች። አቶ መርዳሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለቤትዎ ተስማሙ?»

«እርስዎ የጠየቁት እኔን ነው» አለች።

በመጀመሪያው የፈረቃዋ ቀን የእራቱን ወጥ ሠርታ ከአሥር ሰዓት በፊት ወጣች። ማዞሪያ ክፍሉ ውስጥ ሠራተኞቹን መደበች፤ የተበላሸ መስመር አስጠገነች፤ ከአዋሽ የደወለ ሾፌር ሲሳደብ ራሷ ገብታ ዝም አሰኘችው። ማታ መኪናው አድርሷት ስትገባ ጓዳው በር ላይ ምንም አልነበረም። አንድ ጭልፋ እንኳ የለም። ቆማ አየች። ደስታዋ ዓይኗ ላይ እንባ አመጣ፤ ሰውዬውን በከንቱ እንዳማችው ተሰማትና ቀስ ብላ ከጎኑ ተኛች።

ጠዋት በረንዳው ላይ ዝንብ ነበር። የማጠቢያውን በር ከፈተችው። ሳህኑ ሁሉ እንደ ተበላበት ተደርድሯል፤ ሽሮው ደርቆ ተጣብቋል፤ ከታች ትንሹ ድስት ተጋድሞ ከነጭልፋው ገብቷል። ትሪው ከማጠቢያው ጀርባ ከግድግዳ ጋር ተሸጉጧል፤ ወይዘሮ በላይነሽ በሳህን አልበላም ብለው በላዩ በልተውበታል። አጥቦ አልነበረም። ደብቆ ነው።

ተሻለች አልጮኸችም። ከመሐሉ አንድ ሳህን ጎተተች፤ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ በሳሙና አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ዳቦዋን ቆርሳ አስቀመጠችበትና በረንዳው ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ኃይለየሱስ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። በሩ የተከፈተውን ማጠቢያ አየ፤ እሷን አየ።

«በማሽኑ ላጥባቸው ነበር... ዛሬ መብራት አይጠፋም ብዬ...» አለና አቋረጠው። «ቁርስስ በምን እንበላለን?»

«ሁሉም በየራሱ ሳህን» አለች ዳቦዋን እያኘከች።

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ ተሻለች ሊናገሩ ነበር፤ ምን እንዳዩ አይታወቅም፣ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ኃይለየሱስ፣ ርቦኛል።»

ኃይለየሱስ በመንገዱ በኩል ወዳለው አጥር ተመለከተ። ጋሪዎች ያልፋሉ፤ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ አጥሩም አጭር ነው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ቀረብ አለ።

«ያንቺን ካጠብሽ አይቀር፣ የእኔንና የእማዬን ማጠብ ምን ይከብድሻል?»

«አይከብደኝም» አለች ተሻለች።

ከመቀመጫዋ ግን አልተነሣችም።