ተቀምጧል የሚለው ቃል

ሰፈሩ ሁሉ «ቅብጥብጧ» ነው የሚላት። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ ስትሠራ ቆማ፣ ስትበላ ቆማ፣ ስልክ ስታወራ እየተንጎራደደች። አስተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቷ «እናታችን ይቺን የወለደቻት ቆማ መሆን አለበት» እያለች ትስቅባት ነበር።

ለነገሩ የማያስቀምጣት ሥራዋም ነው። ኮምፒውተር «ተቀምጧል» ሲል ግማሹን እውነት ብቻ እንደሚናገር ታውቃለች። ዲስክ ቀርፋፋ ስለሆነ የሰጡትን መጀመሪያ መብራት ሲጠፋ ሁሉን በሚረሳው ሚሞሪው ላይ ይይዘዋል፤ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ሲመቸው ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ጆርናል የሚባል መዝገብ ምን እንደተጀመረ አንብቦ የፋይሎቹን ሥርዓት ይመልሳል። ስሙን ይመልስ እንጂ ገና ያልወረደውን ከየት ያመጣል? ደንበኞቿን «ተቀምጧል ሲላችሁ ትንሽ ታገሡት፣ አፉ ከእጁ ይቀድማል» ትላቸዋለች።

አስተማሪዋ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት በነበረበት ዕለት ጠዋት ሱቁ መጣች። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ልጇ ገና ጡት አልጣለችም፤ የእናቷን ድምፅ ሳታውቅ ልታድግ ነው። ተረት ልታነብላት ማይክሮፎኑ ፊት ቁጭ አለች። በሻከረ ጉሮሮዋ እየታገለች እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ቅብጥብጧ ከኋላዋ ትንቆራጠጣለች። ሲያልቅ ቅብጥብጧ የማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ «ተቀምጧል» አለ።

«ይኸው፣ ተረቱ ተቀመጠ። አንቺም በሞቴ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ» አለች አስተማሪዋ።

በሞቴ መባሉ፣ ያውም በዚያ ቀን፣ አንጀቷን በላው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የወንበሩ እግር ገመዱን ይዞ ሶኬቱን ነቀለው። ስክሪኑ ጨለመ።

መልሳ ስታስነሳው ጆርናሉ የድርሻውን ሠርቷል። ፋይሉ በስሙ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይህንን ለስንቱ ስታስረዳ ኖራ፣ በራሷ ደረሰ። ውጭ የእህቷ ባል ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዳት መኪናውን አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል።

«እትዬ፣ ጠፋ» አለች መቅጃውን እንደገና እየከፈተች። «አንዲት ነገር ብቻ፣ የመጣልሽን በይ።»

አስተማሪዋ አፏን ከፈተች፤ ጉሮሮዋ ግን ተረቱ ላይ አልቋል። ታናሿ አንዴ ማይክሮፎኑን አንዴ ሶኬቱን እየያዘች ስትርበተበት አይታ ሳቋ መጣ።

«እስቲ ተቀመጪ፣ የኔ እናት። ምን ያቁነጠንጥሻል?» አለቻት በቀረቻት ድምፅ።

ከዚያ ሳል ያዛት። ባሏ ገብቶ ደግፏት ወጣ። ቅብጥብጧ «ሚሞሪ ላይ ያለውን አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች፣ ጨርሻለሁ እስኪላት ጠበቀች፣ አጥፍታ አብርታ አዳመጠችው። አለ።

የአስተማሪዋ ድምፅ አልተመለሰም። ልጅቷ አሁን አፏን ፈትታለች፤ አክስቷን ነው የወጣችው፣ አንድ ቦታ አትረጋም። ሱቁ በመጣች ቁጥር እየሮጠች «እማዬን ክፈቺልኝ» ትላለች። ድምፁ «እስቲ ተቀመጪ፣ የኔ እናት» ሲል ለእሷ የተባለ ይመስላትና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች።

አክስቷ ለማን እንደተባለ ነግራት አታውቅም።