ገበር የለበሰው ሳጥን

መርሳ ከተማ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ሳሙና እንደሚሆኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በጠመኔ የሠራሁት ሳሙና የሀብሩን ወረዳ ልብስ በሙሉ ባጠበ ነበር። እኔ ግን የጠመኔውን አቧራ የምታጠበው ከሱቅ በገዛሁት ነው። አምና የሳሙና ዋጋ ሲሰቀል አንዷ ባልደረባዬ በመምህራን ፊት፣ "አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ትሠሪዋለሻ!" አለችኝና ሁሉም ሳቁ። እልህ ያዘኝ።

ሳሙና ለመሥራት ፈሳሹ ተገልብጦ የሚረጋበት የእንጨት ሳጥን ያስፈልጋል። በሳጥን ነገር ከአባቴ የሚበልጥ የለም፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ወልድያ ላይ አርባ ዓመት አናጺ ነበሩ። የሙሽራ ሳጥን ያለ ሚስማር ይገጥማሉ፤ የሠሩት በር ሲዘጋ ብርሃን አያሾልክም። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቃቸውን ዘግተው እኔ ጋ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ መላጊያ አልነኩም። "እጄን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው" ይላሉ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እያረፈ ነው።

ሳጥኑን እንዲሠሩልኝ ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። አንድ ክንድ የማይሞላ ሳጥን አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። "ያውልሽ፣ ያለ አንድ ሚስማር!" ብለው ሰጡኝ። አርብ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ጠብቄ ሳጥኑን ውሃ ሞላሁበት። ውሃው በግራው ማዕዘን ወጥቶ ሳሎኑን ዞሮ ጎበኘ። ጣውላዎቹ የተጋጠሙበት ቦታ የስንዴ ፍሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወለሉን ወለወልኩ፣ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ለመዋሸትም ተዘጋጀሁ። እጃቸው እንደከዳቸው ከማንም ይስሙ፣ ከእኔ አፍ ግን እንዳይሰሙ ቆርጬ ነበር።

"አባ፣ ይሄ ሳጥን ከውስጥ ገበር ይፈልጋል" አልኳቸው ሲመለሱ።

"ገበር? ካፖርት ነው እንዴ የሠራሁልሽ?"

"ሳይንሱ ነው። ሳሙናው እንጨቱ ላይ ይጣበቃል።"

"ሳይንሱ ሳጥን ገጥሞ ያውቃል? ወላሂ፣ የኔ ሳጥን ልብስ ለብሶ አያውቅም!"

የሚያናድደው፣ ያልኩት ነገር እውነት ነበር። ሳሙና እንጨት ላይ ይጣበቃል። ውሸቱ ምክንያቴ ብቻ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

መጀመሪያ ጋዜጣ አነጠፍኩበት። ወረቀቱ በስብሶ ከሳሙናው ጋር ተዋሐደና አንድ ወር ሙሉ በጨረታ ማስታወቂያ ታጠብን። ከሥር በግራው በኩል ለሚንጠባጠበው ሳፋ ደቅኜ ነበር። አባቴ ሳፋው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ፣ "ሳይንሱ ነው" አልኳቸው። ቀጥሎ ድፎ እንደሚጋግር ሰው የሙዝ ቅጠል አለበስኩት። ቅጠሉ ጠቁሮ ሳሙናው ያረረ ዳቦ መሰለ፤ ጎረቤታችን ቢስሚላህ ብላ ልትቆርሰው ስትል ነው ያስጣልናት። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ሳሙናውን አገላብጠው አዩና፣ "ማሻአላህ፣ መምህርት!" አሉኝ። እንዲህ ያለ ማሻአላህ ከስድብ ይከፋል።

በሦስተኛው ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያለውን ላስቲክ አውጥቼ አጠብኩ። ላስቲኩ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ችግሩ ማዕዘኑ ላይ አልታጠፍ ማለቱ ነው። በዚህ ስጎትት በዚያ ይነሳል። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩ። ሳጥኔ ልብስ አይለብስም ብለው የማሉት ሰውዬ በመጨረሻ ተነሡና፣ "ወዲያ በይ" አሉኝ።

የቀኝ እጃቸውን አንጓ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ላስቲኩን እንደ ፖስታ ጠርዝ በጣታቸው ማጠፍ ጀመሩ። ይንሸራተታል፤ እንደገና ያጥፋሉ። ላግዛቸው እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ሦስቱ ማዕዘኖች ቀጥ ብለው ታጠፉ፤ እኔ አንዱንም እንደዚያ አድርጌ አላጠፍኩም።

"የግራውን ደርቢው" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "እሱ ጋ ያፈሳል።"

"ማን ነገረዎት?" አልኳቸው።

"የዚያን ዕለት ከጁምዓ ስመለስ ወለሉ ተወልውሎ ነበር። አንቺ ለኢድ እንኳ ስንቴ ተለምነሽ ነው የምትወለውዪው።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ተጨቃጨቁኝ?"

"ወዲያው እሺ ብልሽ፣ ማወቄን ታውቂ አልነበር?" አሉና የግራውን ማዕዘን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያዙልኝ። አውራ ጣታቸው ላስቲኩ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሌላ ላስቲክ ቀድጄ አመጣሁና ደረብኩት።