ፍየሉን ማን አረደው?

ጎረቤቴ አሰፋሽ ደስታ አትችልም። ሐዘን ትችላለች፣ ሙቀት ትችላለች፣ የጅቡቲን የሐምሌ ሙቀት ሳይቀር። ደስ ሲላት ግን የምትይዘውን የምትጥለውን አታውቅም። አባቷ በባቡር ጥገና ሥራ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሷም እዚሁ ጅቡቲ ካርቲየ 6 ሰፈር ተወልዳ፣ ከኔ ጋር ግቢ ለግቢ አድጋ፣ ዛሬ አምሳን አልፋ ፉል ቤት ታስተዳድራለች። ልጅ አልወለደችም። የኔ ልጆች ግን አፍንጫቸውን የጠረጉት በኔ ቀሚስ ሳይሆን በሷ ነው።

አምና አንድ የሕፃናት ድርጅት፣ በስደት መንገድ ከዘመድ የተለያዩ ልጆችን ዘመድ እስኪገኝ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች እንደሚፈልግ ሰማች። ያን ቀን ፉሉን አሳረረችው። ሥልጠና ሄደች። የድርጅቱ ሠራተኛ ውዳድም እየመጣች ጓዳውን፣ መታጠቢያውን፣ አጎበሩን ሳይቀር አየች። እኔንም ጠየቀችኝ፦ «ቁጡ ናት?»

«ናት» አልኳት፤ «ግን ቁጣዋ ሻይ ሳይበርድ ይበርዳል።»

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። አሰፋሽ ስልኳን ከእጇ ሳታወጣ ፉል ትጨልፍ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት በመጨረሻ ውዳድ ደወለች። «ማዳም አሰፋሽ፣ አንዲት ልጅ አለች፤ ዛሬውኑ ላመጣት እችላለሁ፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቦንቱ ትባላለች። ኦሮምኛ የምትችል እናት ነው የምንፈልግላት…»

አሰፋሽ ኦሮምኛን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ እኔም ከነሱ ቤት ጥቂት ለቅሜያለሁ። ከዚህ ወዲያ የተባለውን አልሰማችም። እልልታዋን በሴትዮዋ ጆሮ ላይ ለቀቀችው፤ ውዳድ የቀረውን ስትናገር «እሺ፣ እሺ» እያለች ስልኩን ዘጋችና ወንድሟን ጌቾን ፍየል እንዲገዛ አስሮጠችው። «ልጄ ባዶ ቤት አትገባም!»

እዚህ አገር የገበያው ሥጋ ሁሉ እስላም ያረደው ነው፤ አሰፋሽ ደግሞ ጥብቅ ክርስቲያን ናት። እኛ ደግሞ እስላሞች ነን፤ ልጆች ሳለን እናቴ ሥጋ በሠራች ቁጥር ለሷ ሽሮ ለብቻ ይወጣላት ነበር። ስለዚህ ሥጋ ሲያምራት ጌቾ ነው በሥላሴ ስም የሚያርድላት። የዛን ዕለትም አረደ። እኔ ብኖር ኖሮ አስቆማቸው ነበር፤ ግን አምቡሊ ሰፈር እህቴ ዘንድ ነበርኩ።

ለምሳ ስመለስ ግቢው በወጥ ሽታ ታውዷል። አልጋው በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል፤ አሰፋሽ ላብ በላብ ሆና ታማስላለች።

«አሱ፣ የልጅቷ ሃይማኖት ምንድን ነው?»

ማማሰያው ቆመ። «ቦንቱ ነው ያሉኝ፣ ሩቅያ።»

«ቦንቱማ ከኛም አለች፣ ከናንተም አለች!»

ይህን ስል መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከውዳድ ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ሻሿን በእጇ ይዛ ወረደች፤ ገና በሩን ሳታልፍ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። እኔና አሰፋሽ ተያየን።

ውዳድ ተቀምጣ ቃሏን ደገመች። «እንደነገርኩዎት ነው፤ ቤቱን ከወደደች ትቆያለች። ካልሆነላት ዛሬውኑ ወደ ድርጅቱ ማዕከል እመልሳታለሁ። ከመጣች ወዲህ በቅጡ አልበላችም።»

ጌቾ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ትሪውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል። ልጅቷ ሥጋውን አየች፤ ምራቋን ዋጠች። እጇን ግን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም። ቀስ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀች፦ «ማን ነው ያረደው?»

ያኔ ነገሩ የገባው ጌቾ ከኋላችን «የሩቅያ ባል ነው በያት» ብሎ አንሾካሾከ። በክርኔ ጎኑን ደቃሁት። ሆኖም አሰፋሽ ያንን ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ልጅቷ ትበላለች፣ ውዳድም ደስ ብሏት ትሄዳለች።

አሰፋሽ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «ወንድሜ ነው ያረደው። እኛ ክርስቲያን ነን፤ ላንቺ አይሆንም፣ እንዳትበዪው። እኔም የናንተን እርድ አልበላም፤ ይችን ሩቅያን ጠይቂያት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለምናኝ እምቢ ያልኩ ነኝ። ሳልጠይቅ ማሳረዴ የኔ ጥፋት ነው።»

ትሪውን አንስታ ወደ ውጭ አወጣችው። ልጅቷ ሄደችብኝ ብላ እንደቆረጠች ከፊቷ አነበብኩት። ሮጬ ከቤቴ የራሴን መጥበሻ፣ ዘይትና እንቁላል አመጣሁ። አሰፋሽ በኔ መጥበሻ ጠበሰች፤ ቦንቱ የራሷን በላች፣ አስጨመረች፣ መጥበሻውን በዳቦ ጠረገችው። ውዳድም የኛው ወገን ናትና እንቁላሉን ተካፈለች። ያን ሁሉ ፍየል ውጭ ተቀምጦ የሚበላው ጌቾ ብቻ ሆነ።

ውዳድ ቦርሳዋን አነሳች። «ጠይቂልኝ» አለቻት አሰፋሽን፤ ደንግጣ «ይጠይቁልኝ» ብላ አረመች። «ከኔ ጋር ትመለሳለች ወይስ እዚህ ትቆያለች?»

ይህን ጥያቄ ወደ ኦሮምኛ የምትመልስላት ደግሞ ራሷ አሰፋሽ ናት። ምንም ሳትጨምር፣ ሳትለማመጥ፣ እንደተባለችው ጠየቀቻት።

ቦንቱ ጣቷን ላሰች። ወደ ውዳድ አላየችም። ውጭ ወዳለው ወደ ጌቾ አየች፣ ከዚያ ወደ አሰፋሽ።

«ነገስ ማን ያርዳል?»

አሰፋሽን እንባዋ ቀደማት። እኔ ነኝ በሷ ፋንታ የጮህኩት፦ «ከይረዲን! የኔ ባል ያርዳል!»

ያን ጊዜ እልልታዋን ለቀቀችው። ቦንቱ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ሳቀች።