የቀለመወርቅ እኩል ቅኝት

ቀለመወርቅ በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ወገዳ የተመለሰ ገበሬ ነበር። በሥራ ቀን ሞፈር ይጨብጣል፣ በሰርግ ክራር ይመታል። ስለ ጆሮው አገር ይመሰክራል። ሰርጉም ለቅሶውም ያለ እሷ የማይደምቀው ስንዱ እንኳ ዜማ ሲጠፋት የምትጠይቀው እሱን ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን አንድ ነገር ያንገበግበው ጀመር። ሰርግ ላይ ስንዱና ደምሌ የሚባለው ዘፋኝ ይቀባበላሉ። የእሷ ድምፅ ቀጭን፣ የእሱ ወፍራም ነው። ዘፈኑ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው በተሻገረ ቁጥር ክራሩ እንደ አዲስ መቃኘት አለበት። ቀለመወርቅ ጎንበስ ብሎ ጅማቱን ሲያጠብቅ ሲያላላ ጭፈራው ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ወደ ጠላው ይመለሳል።

በክረምቱ፣ ዝናቡ ቤት ባዋለው ጊዜ፣ መላ መጣለት። ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ያለው እርምጃ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። ትዝታን ትዝታ፣ ባቲንም ባቲ የሚያሰኘው ይኸው መበላለጥ ነው። እሱ ግን ወፍራሙንና ቀጭኑን የዳር ክር እንዳሉ ትቶ፣ የመካከሎቹን አራቱን እየነካካ፣ እርምጃው ሁሉ አንድ ልክ እስኪሆን አስተካከላቸው። እንግዲህ ከየትኛውም ክር ቢነሱ ዘፈኑ ያው ነው። ስንዱ ከላይ፣ ደምሌ ከታች፤ መቃኘት ቀረ።

ሚስቱ ጌጤ ምስር እየለቀመች አዳመጠችው።

«የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?» አለችው።

«ደስ ባለሽ ቦታ።»

«እንግዲያማ አያልቅም» አለችና ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በኅዳር፣ ድጓ ያስተማሩት መሪጌታ እንየው ለዘመድ ተዝካር ወገዳ መጡ። ቀለመወርቅ ፈራ ተባ እያለ ክራሩን አሰማቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «በል ክራሩን አስቀምጥ። ያስተማርኩህን አንድ ዜማ በቃልህ አሰማኝ» አሉት።

ጀመረ። መካከል ላይ ሲደርስ ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ምን ሆንክ?»

«ምን ሆንኩ መሪጌታ?»

ከዜማው መውጣቱን አለማወቁን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ በሬ ቢሞትብህ ገበያ ወጥተህ ትገዛለህ። ጆሮ ከየት ገበያ ትገዛለህ?»

«ለሰርግ ብቻ ነው እኮ።»

«እኔ መች ስለ ሰርጉ አወራሁ» አሉና ተነሡ።

በጥር፣ በአንድ ትልቅ ሰርግ ላይ አዲሱ ቅኝት ወጣ። ደምሌ ሲያወርድ ስንዱ ስትቀበል ክራሩ አንዴም አልቆመም፤ እልልታው ቀለጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሰዉ ሁሉ ሳያርፍ መጨፈሩን ቀለመወርቅ አስተዋለ። የሚስቅ የለም። ከበሮ መቺው ክንዱ ዝሎ ከበሮውን ጣለ። ስንዱ ላቧ እየተንጠባጠበ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ቀለመወርቅ፣ የት ልውረድ? ማረፊያው ጠፋኝ።»

እሱም አላወቀም። እጁን ክሮቹ ላይ ጥሎ ድምፁን አፈነው። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

በመጋቢት የስንዱ እናት ሞቱ። የለቅሶው ድንኳን በሰው ተሞልቶ ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። ለሰው እናት ስንት ጊዜ ሙሾ ያወጣች ሴት ለራሷ እናት አፏን ስትከፍት፣ የወጣው ያ እኩል እርምጃ ነበር። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ የትም አላረፈም። ተቀባዮቹ ሴቶች ተያዩ፤ የሚቀበሉበት አጡ። እንደገና ጀመረች፣ ያው ሆነ። ደረቷን ትመታለች፣ እንባ ግን እንቢ አለ። አንዲት አሮጊት «እናቲቱ ሳይለቀስላቸው ሊሄዱ ነው!» ብለው ጮኹ።

ቀለመወርቅ ከወንዶቹ መካከል ነበር። «የድሮውን አስይዛት» ብለው ገፉት። አጠገቧ ቆሞ ስንት ጊዜ የቃኘውን ትዝታ ሊያንጎራጉርላት ሞከረ። ከጉሮሮው የወጣው ያው ሆነ። አስከሬኑ ሙሾ ሳይወጣለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ እርሻውን ለወንድሙ ለታፈረ በየኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ፣ ሰጥቶ ቤተ ልሔም ወረደ፤ በአርባ ዓመቱም ከጀማሪዎች ጋር ተቀመጠ። መሪጌታ አልነቀፉትም። በየጠዋቱ ያንኑ ዜማ ያስብሉታል፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣታቸው ይነሣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተነሣ።

ስንዱ ግን ሌሎች አልቃሾችን እየተከተለች፣ ከኋላ እየተቀበለች፣ በዓመቱ ዳነች። ለእናቷ ሙት ዓመት ሙሾ አወጣች፤ ድንኳኑ አነባ።

ቀለመወርቅ ወገዳ ከተመለሰ በኋላ ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ይውላል እንጂ አፉን አይከፍትም። ክራር ቃኝልኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ «ስንዱን ጥራት» ይላል። እሷ እያንጎራጎረች፣ እሱ አንድ አንዱን ክር ያጠብቃል።

«እዚህ ነው?» ይላታል።

«ትንሽ ዝቅ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደረሰ።»

ለእሱ አልደረሰም ነበር፤ ጠማማ ሆኖ ነበር የሚሰማው። ቢሆንም ክሩን እሷ ደረሰ ባለችበት ያስረዋል።