የደብሪቱ መሐላ

ዳንግላ ገበያ ደብሪቱ ድንች፣ እኔ ነጭ ሽንኩርት ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን ልጆቻችንን አሳደግን። ምላሷን የማያውቅ ደንበኛ የለም። ድንቹን አገላብጦ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ስለ ዘር ማንዘሩ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ቤቷ በአዊኛ ስታወራ ማር ናት፤ ቁጣዋን ግን ገበያው ሁሉ እንዲሰማላት በአማርኛ ነው የምታወርደው። የእኔም ምላስ ቀላል አይደለም። እሷ ግን ስትናደድ ታቦት ትጠራለች፤ የምፈራላት ይህን ነበር።

ልጇን የምሥራችን ባጃጅ የሚነዳው ዓባይነህ ሽማግሌ ሳይልክ ወደ አዘና ወሰዳት። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ድግሱን ፈርቶ ነው። ደብሪቱ ግን ተዋረድሁ አለች። በወሩ ሚካኤል ልጅቱ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ ምእመን ቆሞ እየሰማ፣ "ከእንግዲህ ዐይንሽን ባይ ሚካኤል አይለመነኝ" አለቻት። የምሥራች ተነሥታ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

ማታውኑ እንደጸጸታት አውቃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነባት እንጂ። የንስሐ አባቷ አባ ምህረቴ ግዝቱን ይፈቱላት ነበር፤ ነገ እሄዳለሁ ትለኛለች፣ ነገ ሲደርስ ታፍራለች። እንዲህ ስትል ክረምቱ አለፈ።

በጥር ዓባይነህ ደወለ። የምሥራች ምጡ ጠንቶባት እንጅባራ ሆስፒታል አስገብቷታል። ደብሪቱ ድንቿን እዚያው ጥላ ተነሣች፤ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። በመንገድ ለአባ ምህረቴ ደጋግመን ደወልን። ጥሊሊ አካባቢ ለቀብር ሄደው ኖሮ ኔትወርክ አልያዘልንም።

ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ መሐላዬን አፍርሼ ካየኋት ሚካኤል አይሰማኝም፣ ዛሬ ለልጄ የምለምነው ደግሞ እሱኑ ነው አለችኝ። ተናደድሁ። መልአክ እንደ ገበያተኛ ቂም ይይዛል ወይ ብዬ ተቆጣኋት። አልሰማችኝም። ዐይነ ስውር እንደሚመራ ሰው እጇን ይዤ አስገባኋት።

የምሥራች ፊቷ ገርጥቶ ተኝታለች፤ ለቀዶ ጥገና ሊወስዷት ነው። የእናቷን እጅ ያዘች።

"እማዬ፣ አንዴ እይኝ።"

ደብሪቱ በአዊኛ የልጅነት ስሟን እየጠራች አለቀሰች። ነጠላውን ግን አልገለጠችም። "ሚካኤልን እየለመንሁልሽ ነው" አለቻት።

"እኔ የለመንሁት አንቺን ነው" አለች የምሥራች። እጇን ለቀቀች። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ሕፃንም ተረፉ። አባ ምህረቴ በማግስቱ ደርሰው ደብሪቱን ገሠጿት፤ ቀኖና ሰጥተው ግዝቱን ፈቱላት። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ እየሮጠች ገባች። የምሥራች ሕፃኑን እያጠባች ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ ስትላት አሜን አለች። የቀረበላትን አጥሚትም ጠጣች። ዐይኗን ግን ከሕፃኑ ላይ አላነሣችም።

ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ዛሬ ይድሃል። ደብሪቱ አዘና ትመላለሳለች። ልጅቱ ታበላታለች፣ አልጋዋን ለቃ ታስተኛታለች፤ አታያትም። ደብሪቱ አሁን ገበያ ላይ ዝም ብላ ትውላለች። ድንቿን አገላብጦ የሚሄደውን ሁሉ መልካም ገበያ ብላ ትሸኘዋለች፤ እኔ ስድቧ ናፈቀኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አባ ምህረቴን ለምኜ አዘና ይዣቸው ብሄድስ ብላ ጠየቀችኝ። ሽንኩርቴን እልጥ ጀመር። ምን ሊፈቱ ይሄዳሉ? የምሥራች እኮ ምንም አልማለችም።