አያሌው ያልበላው ተዝካር

«ተማሪ ይመረጣል እንዴ? የአባቴን ተዝካር በምርጫ ልታወጣው ነው?» አለች እናቴ።

«ሌሎቹ ሁሉ ይምጡ ብያለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው ያልኩሽ» አለ አባቴ።

«ከተዝካር በር ሰው አይመለስም። ደመኛ እንኳን አይመለስም።»

«ደመኛ ደብዳቤ አልጻፈም!»

እናቴ ጭልፋውን ወጡ ውስጥ ለቀቀችው።

«ቤቱ ሲቃጠልስ ልጆችሽን የት ታስተኛለሽ? አባትሽ መቃብር ላይ?» አላት።

ጭልፋውን አውጥታ ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች።

ይህ የሆነው ጣልያን በደብረ ማርቆስና በአማኑኤል መካከል ባለችው መንደራችን ጉብታ ላይ ምሽግ በሠራ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዛሬ ጠላት ወጥቷል፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ጀግንነት ያወራል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ትዝ የሚለኝ ግን ያ የአያቴ ተዝካር ቀን ነው።

ደብዳቤውን የጻፈው አያሌው ይባላል። ከሩቅ አገር መጥቶ በደብራችን ቅኔ ይማር ነበር። በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። እያንዳንዱ ተማሪ የሚለምንበት ሰፈር አለው፤ የእሱ የእኛ ሰፈር ነበር። አባቴ ለእርሻው ስለፈለገኝ ትምህርት ቤት አልላከኝም። ፊደል ያስቆጠረኝ አያሌው ነው። የቁራሽ መያዣ አኩፋዳውን አጥራችን ላይ ይሰቅልና በበትሩ ጫፍ መሬት ላይ እየጻፈ ያሳየኛል። ከዚያ በኋላ በራሴ ግጥም መሞከር ጀመርኩ። አንድ ጊዜ በምሽጉ አዛዥ በካፒቴኑ ላይ የስድብ ግጥም ገጥሜ ባነብለት ሳቀ። «ግጥሙስ ጥሩ ነው። ግን ለስድብ ማን መልስ ይሰጣል? ጠይቀው እንጂ» አለኝ።

እሱ ጠየቀ። ተማሪዎቹ ሰንበትን ሳይቀር ለምሽጉ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። አያሌው «በሌላው ቀን እንሸከማለን፤ ሰንበትን ተዉልን» ብሎ ጻፈ፤ ከግርጌው ስሙን አኖረ። ደብዳቤውን ሰጥቶ፣ ጓደኞቹን ይዞ ምሽጉ በር ላይ ከጧት እስከ ቀትር ዝም ብሎ ተቀመጠ። ተማሪ ለውሻ መከላከያ ከእጁ የማይለየውን በትር እንኳን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትተውት ነው የሄዱት።

ካፒቴኑ አልመታውም፤ አላሰረውምም። ቢገድለው ተማሪው ሁሉ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች እንደሚደባለቅ ያውቃል። በገበያ ቀን በአስተርጓሚው አፍ አስነገረ፦ ለአያሌው ቁራሽ የሰጠ ቤት ይቃጠላል፤ ከአኩፋዳው ያካፈለው ተማሪም ከደብሩ ይባረራል። በሳምንቱ የአንዲት መበለት ጎጆ ተቃጠለ። የሰጠችው ግማሽ እንጀራ ነበር።

አባቴ የመንደሩ ጭቃ ሹም ስለነበር ትእዛዙን የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ አያሌው ወደ ማንም ደጅ አልመጣም። ጓደኞቹ ደብቀው ቢሰጡት እንቢ አለ። ወንዝ ዳር ሳማ እየለቀመ ሲቀቅል አይቼው፣ እንዳላየ ሆኜ አልፌያለሁ።

የአያቴ አርባ ደረሰ። ዳስ ለመጣል ስላልተፈቀደልን እንግዶቹን ቤት ውስጥ አስቀመጥን። ካህናቱ መደቡ ላይ፣ ሰባት ተማሪዎች በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከምሽጉ የመጣ አንድ ባንዳም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከካህናቱ ጎን ተቀምጧል። ማንም አልጠራውም። ከተዝካር ግን ሰው አይመለስምና ጠላ ቀዳንለት።

እኔ በር ላይ ቆሜ እንግዳ እቀበል ነበር። ፀሐይ ዘንበል ስትል አያሌው መጣ።

ለምን እንደመጣ አሁን ይገባኛል። የተከለከለው ቁራሽ ነው፤ ስለ ተዝካር አዋጁ አላነሳም። ቁራሽ የሰጪው ነው፤ ተዝካር ግን የሟቹ ነው። በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም። ካፒቴኑም የሚያውቀው መስሎት ይሆናል።

«ነፍስ ይማር» ብሎ ገባ። ደበሎው ከአጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጓደኞቹ ቀና ሳይሉ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት።

ባንዳው ሳቀ። «ተሜ! ሆድህ ጎትቶ አመጣህ?»

«ሆዴ ደብዳቤ አልጻፈም፣ ጌታው። እሱ ምን አጠፋ?»

አንድ ቄስ ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባንዳው ሳቁን ተወ። ወደ ጣራው አንጋጦ ወደ አባቴ ዞረና «ጭቃው፣ ክዳኑ መቼ የተከደነ ነው? ደርቋል» አለው።

እናቴ እንጀራውን በወጥ አድርጋ ወደ አያሌው እየሄደች ነበር። መሃል ቤት ላይ ቆመች። አባቴ እሷንም አያሌውንም አላየም። እኔን አየኝና «እግዜር ይስጥህ በለው» አለኝ።

ለማኝን ባዶ እጁን ስንመልስ የምንለው ነው። ተዝካር ላይ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። አያሌው ከአራት ቀን በኋላ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ወድቆ፣ ሕይወቱ አልፎ፣ ገበያተኞች አገኙት። የእኛ ቤት አልተቃጠለም፤ ዛሬም ቆሟል። እናቴ «የአባቴ ተዝካር አልወጣም» ትላለች፤ አባቴም አይከራከራትም። እኔ በካፒቴኑ ላይ የገጠምኩትን አሁን በየሰርጉ እያነበብኩ ይጨበጨብልኛል። ስለ አያሌው ግን ከሁለት ስንኝ አልፌ አላውቅም። አባቴን ልወቅስ እሞክርና፣ ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

«እግዜር ይስጥህ፣ አያሌው» አልኩት።

ለመቀመጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አለ። የሰባቱ ተማሪዎች እጅ ገበታው ላይ ቆመ፤ ከመካከላቸው የተነሣ ግን አልነበረም። አያሌው ለእናቴ እጅ ነሳ። «እሜቴ፣ አባትዎን በጸሎት አስባቸዋለሁ» አላትና በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

«ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ» አለ ባንዳው።

በሩን ዘጋሁት።